ዳቦውን ማን ይቁረስ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ያለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ከጓደኞቼ ጋር በየወሩ እንጠይቃለን። ልጆቹ 24 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 14 ነው። ባለፈው ብስኩት ስናድል ብዙዎቹ ለታናናሾቻቸው አካፈሉ፤ ሁለቱ ግን ትራስ ሥር ሸሸጉ፣ ሞግዚቷም ተቆጣቻቸው። ልግስናን እንዴት እናስለምዳቸው? ምንስ ይዘን እንሂድ? (ከሆጤ)

መልስ፦ የሸሸጉትን አትቆጧቸው። ስስት አይደለም፤ ጦም ማደርን የሚያውቅ ልጅ ለነገ ማስቀመጡ ነው። ቁጣ ፍርሃቱን ያጸናበታል፣ መሸሸጊያውንም ያርቃል። የሚበጀው የምግብ ሰዓት አለመዛነፉ ነው። በቁርስና በምሳ መካከልም ሳያስፈቅዱ የሚያነሱት ዳቦ ወይም ሙዝ በተከደነ ሞሰብ ይቀመጥላቸው፤ ሞሰቡ አንድ ቀን ባዶ ከተገኘ ግን መሸሸጉ ይመለሳል። ቆሎ እዚያ አታኑሩ፤ ትንንሾቹን ያንቃል።

ሌላው፣ የኔ የሚለው ነገር የሌለው ልጅ የሚሰጠውም የለው። ለእያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበት፣ ያለ ፈቃዱ ማንም የማይከፍተው ካርቶን ይኑረው። «አካፍል!» ተብሎ የተካፈለ ነገር ለልጁ መቀማት ነው። ወዶ ሲሰጥ ካያችሁት «አየሁህ፣ የሰጠሃት ልጅ ደስ አላት» ማለት ይበቃል። ጭብጨባና ፎቶ ይቅር።

ብስኩቱንም ተዉትና ዱቄት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከልጆቹ ጋር ድፎ ዳቦ ጋግሩ። 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1.2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 20 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 30 ግራም ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል። ሲበስል 2 ኪሎ ከ700 ግራም ያህል ይወጣዋል። የደሴ ብርድ ሊጡን ያዘገየዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል ኩፍ የሚለው እዚህ በክረምት እጥፍ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ቸኩላችሁ ከጋገራችሁት መሃሉ ይጠጥራል። ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ምድጃ አጠገብ አስቀምጡ፤ ምድጃው ላይ ግን አይሁን፣ ሙቀቱ እርሾውን ይገድለዋል። ሊጡንም ለሁለት ከፍላችሁ ኮባ ላይ ጋግሩት፤ አንድ ወፍራም ዳቦ ውስጡ ሳይበስል ሥሩ ያርራል።

ቅቤና ወተት አይግባበት፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙትም ይሆናል። ሥጋ አትውሰዱ። በወሎ ቤት የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ ባንድ ማዕድ ይቀርባል፤ የአንዱን እርድ ሌላው ስለማይበላ ግን ያመጣችሁት ሥጋ ማዕዱን ለሁለት ይከፍለዋል። በረመዳን ከሆነ የጿሚዎቹ ድርሻ ዓይናቸው እያየ ተቆርሶ ለአፍጥር ይቀመጥ።

ቆራሹ መጨረሻ ይውሰድ፤ ይህን ካወቀ እኩል አድርጎ ይቆርሳል። ተራው በየጊዜው ይዙር። ቢላዋውን ትልልቆቹ ይያዙ፣ ማደሉ የታናናሾቹ ይሁን። ደግሞ 24 ሳይሆን 26 ቁራሽ አድርጉት፤ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ያህል ይደርሳል። ሁለቱ ቁራሽ የዘበኛውና የምግብ አብሳይዋ ነው፤ የሚያደርሱት ልጆቹ ናቸው። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ልጅ ለትልቅ ሰው ሰጥቶ «ተባረክ» መባልን በዚህ ያገኘዋል። ብስኩቱን ከሸሸጉት አንዱ «እኔ ላድርስ» ካለ፣ አደራ፣ ሌላ ልጅ አታስቀድሙበት።