እንሶስላዬ ሞተ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ከደጋ አምጥተሽ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ግቢሽ ውስጥ የተከልሽው እንሶስላ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ደርቆ ቀረ፣ ልንቀለው ወይ ብለሻል።

ቆይ፣ አትንቀይው! ዝናቡ ሲያበቃ ግንዱ ይደርቃል፤ ስሩ ግን አፈር ውስጥ ይተኛል። አፈሩን ቀስ ብለሽ ጫር ጫር አድርጊና ስሩን በጣትሽ ጫን በይ። ጠንከር ካለ ደህና ነው። ከሟሸሸና መጥፎ ከሸተተ ግን በቃ፣ በስብሷል። የተኛውን ስር በየቀኑ ውሃ ማጠጣት ነው የሚያበሰብሰው። አፈሩ ክው ብሎ እንዳይደርቅ ብቻ አልፎ አልፎ ጠብ አድርጊለት። ሲያቆጠቁጥ ግን ውሃ አትንፈጊው።

ዱር ውስጥ የሚበቅለው ወንዝ ዳርና ጫካ ጥላ ስር ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷን ታውቂዋለሽ። እዚህ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ሆነን እንኳ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያጠወልገዋል። ስለዚህ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ውስጥ አዛውሪው። ኮምፖስት የበዛበት አፈር ይሁን፣ ከላይ ገለባ አልብሺው፣ የማለዳ ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት ጥግ አስቀምጪው። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው።

ከተቻለ መስኮት አጠገብ አድርጊው። ነጭ አበባው፣ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ጣል ያለበት፣ ሽታው የሚወጣው ማታ ነው። የእሳት እራቶችን የሚጠራውም በዚያው ነው።

የፈለግሽው ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ ብቻ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሂና ትከይ። የድሬን ሙቀት እሱ ነው የሚችለው።