ህንድ የሩሲያን መሣሪያ ለምን አትተውም?

«አሜሪካ እየተቆጣች ህንድ ለምን ከሩሲያ ትገዛለች?» ላልከው ወንድሜ፣ ዋናው ነገር መለዋወጫ ነው። እዚህ ኮምቦልቻ አይሱዙ ያለው ሰው የሌላ መኪና ዕቃ ሲፈልግ አይተህ ታውቃለህ? የሶቪየቱ ተዋጊ ጄት ሚግ-21 ህንድ ከገባ 60 ዓመት አልፎታል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. እስኪሰናበት ድረስ ጥገናውም ሥልጠናውም ከዚያው ቤት ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሶቪየቶች ጋር የወዳጅነት ውል ፈርመዋል። (የውጫሌ ልጅ ስለሆንኩ ውል ሲባል ቀድሞ አንቀጽ 17 ነው የሚታየኝ፤ የእነሱ ግን ሰንብቷል።)

ሩሲያ ሸጣ ብቻ አትሄድም። ቲ-90 ታንክ እዚያው ህንድ ይመረታል፤ ብራሞስ ሚሳኤልን አብረው ሠሩት፣ ስሙም ከህንዱ ብራህማፑትራና ከሩሲያው ሞስክቫ ወንዞች የተገጣጠመ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ህንድ ኤስ-400 የተባለውን የሩሲያ የአየር መከላከያ ሚሳኤል ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ አዘዘች። ያም ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ 36 ራፋል ተዋጊ ጄቶች ገዝታለች፤ አንድ በር ብቻ አታንኳኳም።