አማካሪዬ እንዲህ ብለውኛል፤ ልስማ?

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ሥራዬ በዊንድ ተነል (ፋን ነፋስ በሚነፋበት የሙከራ ቦይ) ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው ሲሊንደር ላይ ግፊት እለካለሁ። ንባቡ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። አማካሪዬ «ክብ አልወጣም፤ ወደ ቶርኖ ቤት መልሰው» አሉ። መለስኩት፤ ያው ነው።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1911 ገደማ ጀርመን ጎቲንገን ላይ የፍሰት ሳይንስ ሊቁ ሉድቪግ ፕራንትል፣ በውሃ ቦይ ውስጥ ሲሊንደር አቁሞ ፍሰቱን ለሚያጠናው ተማሪው ለካርል ሂመንትዝ የሰጠው ምክር ይኸው ነበር። ሂመንትዝ ሲሊንደሩን አስተካከለ፤ ውሃው መወዛወዙን አልተወም። ቦዩ ግራ ቀኙ እኩል አይደለም ተባለ፤ እሱንም አስተካከለ፤ ለውጥ የለም። ያኔ ረዳት የነበረው ቴዎዶር ፎን ካርማን ስሌቱን ሠርቶ፣ ከሲሊንደሩ ጀርባ የሚወጡት አዙሪቶች ሊረጉ የሚችሉት አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እየተፈራረቁ ሲሰለፉ መሆኑን አሳየ። የፕራንትል ምክርም ከንቱ አልነበረም፤ ሲሊንደሩና ቦዩ ሳይፈተሹ ማን ያምን ነበር?

እርስዎም የውዝዋዜውን ድግግሞሽ በዲያሜትሩ አባዝተው ለነፋሱ ፍጥነት ያካፍሉ። 0.2 አካባቢ ከመጣ አዙሪቱ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ሲነፍስ 100 ሄርዝ ገደማ ይጠብቁ፤ በሰከንድ 1000 ንባብ ይመዝግቡ። ከሲሊንደሩ ኋላ ያለው የግፊት መለኪያ ቀዳዳ 200 ሄርዝ ቢያሳይ አይደንግጡ፣ የሁለቱም ጎን አዙሪት ይደርሰዋል። የግፊት ቱቦውን ያሳጥሩ፤ ረጅም ቱቦ ውዝዋዜውን ይበላል። ፍጥነቱን ሲጨምሩ ድግግሞሹ ፍንክች ካላለ ጥፋቱ የሞዴሉ መያዣ ወይም የቱቦው ነው። አብሮ ከጨመረ ግን ፋኑም ሊሆን ስለሚችል ዲያሜትሩን በግማሽ ይቀንሱ። አዙሪት ከሆነ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል፤ ፋን ግን ሲሊንደር አያውቅም። ይህን ግራፍ ይዘው ወደ አማካሪዎ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ የክንፍ ሲኤፍዲዬን (የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር ማስላት) በሦስት ሜሽ (ቦታውን በትንንሽ ሴሎች የሚከፋፍል መረብ) ድገሚ ተብያለሁ። ጊዜ ማባከን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የሴሉን ጎን በየደረጃው ቢያንስ 1.3 ጊዜ ያሳንሱ፤ በሦስት አቅጣጫ 1 ሚሊዮን ሴል ወደ 2.2፣ ከዚያ ወደ 4.8 ሚሊዮን ይደርሳል። ሜሹን ክንፉ አጠገብ ብቻ አጥብቦ ከክንፉ ኋላ ያለውን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ድራጉ (አየሩ ክንፉን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል) በሦስቱ ላይ እየተቀራረበ ካልሄደ የሚጻፍ ቁጥር የለዎትም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ በተማሪ ቪዛ ነኝ። ፕሮፌሰሬ ከሮኬት ሞተር ርዕስ ራቅ አሉኝ። ንቀውኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። ኢታር የሚባለው የአሜሪካ የወጪ ንግድ ደንብ በቁጥጥር ሥር ያለ ቴክኒካዊ መረጃን ለውጭ ዜጋ ማሳየትን ወደ ውጭ እንደ መላክ ይቆጥረዋል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን በዚህ ደንብ የውጭ ዜጋ አይባልም። ያለ ገደብ የሚታተም የዩኒቨርሲቲ መሠረታዊ ምርምር በአብዛኛው ነፃ ነው። ስለዚህ ስለ ርዕሱ ሳይሆን ምርምሩን ስለሚደግፈው ገንዘብ ይጠይቁ፦ ውሉ ማሳተም ይከለክላል? ከከለከለ ምክሩን ይስሙ። ካልከለከለም የዩኒቨርሲቲው የኤክስፖርት ቁጥጥር ቢሮ መልሱን በጽሑፍ ይስጥዎ።