ከሞተሩ በፊት ወንበሩ

ባለፈው እትም እዚህ ኮቨንትሪ፣ ጋራዤ ውስጥ ስለሠራኋት መኪና ሁለት መስመር ብጽፍ ደብዳቤው ጎረፈ። ቀን ቀን የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ባለ ሁለት ወንበር መኪና ጋር ስታገል ነበር። ኪት ካር ይሏታል። አምራቹ ሻንሲውንና አካሉን ይሸጥልሃል። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የቀረውን ከአንድ አሮጌ መኪና ታወጣለህ፣ ከዚያ ራስህ ትገጣጥማለህ። አሮጌውን መኪና እንግሊዞቹ "ለጋሽ" ነው የሚሉት፣ ልክ ደም እንደሚሰጥ ሰው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? 27 ዓመቴ ነው። እንደ ሎተስ ሰቨን ያለ ክፍት መኪና መሥራት የልጅነት ሕልሜ ነው። ሞተሩን ከሱዙኪ ሃያቡሳ ሞተር ሳይክል ላውጣ ወይስ እንደ እርስዎ ከማዝዳ ኤም ኤክስ 5? ጓደኞቼ በሙሉ ሃያቡሳ ነው የሚሉኝ።
ሞተር የራበው፣ ከለንደን

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ቁመትህ ስንት ነው? የጫማ ቁጥርህስ?

አትሳቅ። ሰቨን መሰል መኪና ውስጥ ገብተህ አትቀመጥም፣ እንደ ካልሲ ነው የምታጠልቃት። መሬት ላይ ቁጭ ብለህ እግርህን ወደ ፊት ዘርግተህ አስበው። የፔዳሎቹ ቦታ ከመጥበቡ የተነሳ እኔ በሥራ ቦት ጫማዬ ፍሬን ስረግጥ ነዳጁንም አብሬ እረግጥ ነበር። አሁን ወንበሩ ሥር አንድ ስስ ሸራ ጫማ አለ፣ ለመኪናዋ ብቻ የተገዛ።

ሞተሩን የመረጥኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ወንበሩን በሦስተኛው ዓመት። ወንበሩ ሲገባ መሪው ጉልበቴ ላይ አረፈ። የመሪውን ዘንግ መደገፊያ ቆርጬ እንደገና አስበየድኩ፣ ዳሽቦርዱን አውጥቼ ጣልኩ። የሁለት ወር ሥራ ውሃ በላው። ማንም አላጠፋም፣ ራሴው ነኝ።

ስለዚህ አንተ ዛሬውኑ አንድ ወንበር ሳሎን መሬት ላይ አስቀምጥ። ከፊቱ ኮምፔንሳቶ አቁምና ፔዳሎቹን በእርሳስ ሣልበት። መሪ ከሌለህ ክብ ነገር ያዝ። እኔ የያዝኩት የባለቤቴን የቡና ትሪ ነበር፣ እስካሁን ትቀልድብኛለች። ግማሽ ሰዓት ሳትነሳ ተቀመጥ። ወገብህ፣ ጉልበትህና ክርንህ የሚሉህን ጻፍ። ሻንሲ ሻጩ ዘንድ ያንን ወረቀት ይዘህ ሂድ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሃያቡሳ ፍጥነቱ አይካድም። ግን ሰውና ብረት ተደምሮ 350 ኪሎ ገደማ ለሆነ ነገር የተሠራ ሞተር ነው። አንተ ከ500 ኪሎ ልታስረው ነው፣ ያውም አንተንና ጓደኛህን ሳንቆጥር። ጉልበቱ የሚመጣው ሞተሩ ሲጮህ ነው። በየትራፊክ መብራቱ ፍሪሲዮን ትፈጃለህ። ደግሞ የኋላ ማርሽ የለውም። እዚህ አገር ከ410 ኪሎ በላይ የሆነ መኪና ወደ ኋላ መሄድ መቻል አለበት፣ ስለዚህ ሌላ ካምቢዮ ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ልትጨምር ነው። ለውድድር ሜዳ ብቻ ከሆነ እሺ፣ ግጠመው፣ ትደሰትበታለህ። ኖርዝ ሰርኩላር በሚሉት የለንደን መንገድ ላይ ተሰልፈህ ግን ጓደኞችህን ትረግማለህ።

ማዝዳዋ ሁሉንም አብራ ትሰጥሃለች። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም የሚተዋወቁ ናቸው። የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። አካሏ ደግሞ ስለሚዝግ በርካሽ ትገኛለች። የኔዋ ለጋሽ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ በዝገት አልቆ ዓመታዊ ምርመራ የወደቀች ነበረች። በኛ አገር አባባል ቦሎ የተከለከለች። ሞተሯ ግን ንጹሕ፣ 1.8 ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት። ያኔ ወደ 1,000 ኪሎ ትመዝን ነበር። አጥንቷ ወጥቶ የኔ መኪና ውስጥ ሲገባ ሚዛኑ 610 አለ። ሞተሩን አልነካሁትም፣ ግን ሌላ መኪና ሆነ።

የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማንም የተጫወተው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሰቨን ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ላይ የተገጠመው 1,172 ሲሲ የፎርድ ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። መኪናው ስለቀለለ በቂው ነበር። በዚያን ጊዜ ተገጣጥሞ የሚሸጥ መኪና ላይ የግዢ ግብር ነበር፣ በቁርጥራጭ የሚሸጠው ላይ ግን የለም። የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ መስጠት ስለማይቻል ሎተስ የመፍቻ መመሪያ ሰጠ፣ ገዢው ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል እየተባለ እስካሁን ይወራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ያ ግብር ቀረ። በዚያው ዓመት የሰቨን መብት ወደ ኬተርሃም ዞረ፣ እነሱ ዛሬም ይሠሯታል።

ጥያቄ፦ ምርመራውን ስንት ጊዜ ወደቁ? እውነቱን።
ከበርሚንግሃም

መልስ፦ አንድ ጊዜ። በሁለት ነገር።

ምርመራው አይ ቪ ኤ ይባላል። በእጅ የተሠራ መኪና ታርጋ ከማግኘቱ በፊት ያልፈዋል። መርማሪው 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ አለችው፣ ትልቅ ብርቱካን ታክላለች። መኪናው ላይ ያስኬዳታል። ኳሷ የምትነካው የውጭ ጠርዝ ሁሉ ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ መሆን አለበት። እኔ ፓራፋንጎዎቹን በሞረድ ሳለሰልስ ሦስት ማታ አድሬ ነበር። ኳሷ ስፖኪዮውን አለፈች፣ መብራቱን አለፈች፣ ኮፈኑን አለፈች። ከዚያ የፊት ፓራፋንጎ መያዣ ሥር ገብታ ቆመች። ከዳዶው አልፎ የወጣ የብሎን ጫፍ ነው፣ ግማሽ ጣት አይሞላም። መርማሪው አንድ ቃል አልተናገረም። በጠመኔ ከበበው።

ሁለተኛው መሪው ነው። ጠምዝዘህ ስትለቀው ራሱ ወደ መሃል መመለስ አለበት። የሰቨን ፊት ቀላል ስለሆነ ይሰንፋል። የላይኛውን የጎማ መያዣ ክንድ በስስ ብረት ትንሽ ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ተመለሰ። ብሎኑን አሳጥሬ የፕላስቲክ ቆብ አለበስኩት። በሁለተኛው ቀጠሮ አለፍን።

ድምፅም ይለካል፣ ወሰኑ 99 ዴሲቤል ነው። ማርሚታ ስትመርጥ "ደስ የሚል ድምፅ" የሚል ማስታወቂያ አትመን። የለጋሿን መኪና ወረቀትና የእያንዳንዷን ዕቃ ደረሰኝ ደግሞ በአንድ ፌስታል አስቀምጥ። ዕድሜውን ማስረዳት ካልቻልክ በ"ኪው" የሚጀምር ታርጋ ይሰጥሃል፣ ለመሸጥ ስትነሳ ገዢው ፊቱን ያዞራል።

ጥያቄ፦ እኔ 1 ሜትር ከ58 ነኝ፣ ባለቤቴ 1 ሜትር ከ90። አብረን ልንሠራ ነው፣ ሁለታችንም መንዳት እንፈልጋለን። እሱ ትንሿ የንፋስ መከላከያ ብቻ ትኑር ይላል፣ እኔ ሙሉ መስታወት። ማን ልክ ነው?
ከማንቸስተር

መልስ፦ እህቴ፣ ማንቸስተር ነኝ ብለሽ ጨረስሽው። ሙሉ መስታወት። ከነመጥረጊያውና ከነማሞቂያው። ትንሿ መከላከያ ፎቶ ላይ ታምራለች፣ ግን በ60 ማይል ፍጥነት የሚመጣ ዝናብ እንደ ጠጠር ነው። ሄልሜት ካላደረጋችሁ ፊት አይችለውም።

ግን የባለቤትሽንም ችግር ልንገርሽ። ረጅም ሰው ሰቨን ውስጥ ሲቀመጥ የመስታወቱ የላይኛው ፍሬም ዓይኑ ላይ ይመጣበታል። መንገዱን ወይ ከላይ ወይ ከሥር ነው የሚያየው። መፍትሔው ወንበሩን ዝቅ ማድረግ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ አንቺ ጉድጓድ ውስጥ ትገቢያለሽ። ስለዚህ ወንበሩ በሐዲድ የሚንሸራተት ይሁን። ለሱ ልክ ዝቅ አድርጉት፣ ላንቺ ወፍራም ትራስ አሠሪ፣ ከጀርባም ከሥርም የሚገባ። ፔዳሎቹን ወደፊትና ወደኋላ የሚያስተካክል ሻንሲ ካገኛችሁ ጥቂት ብር ጨምራችሁ ውሰዱት። ሰፋ ያለ ሻንሲም አለ። ኬተርሃም ኤስ ቪ የሚለው ከመደበኛው በ110 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሰፊው ትንሽ ይከብዳል፣ መልኩም ወፈር ይላል። 1 ሜትር ከ90 የሆነ ሰው ግን መልክ ሳይሆን ትከሻ ነው የሚያስጨንቀው።

የጭስ ማውጫውን በጎን ካወጣችሁ መከለያ አድርጉበት። ባለቤቴ ስትወርድ ባቷን ነክቷት ለሳምንት አላናገረችኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ቮልስ ግቢ ውስጥ ቆማ ዓመታት አልፈዋል። አካሏን አንስቼ፣ ወለሏን አሳጥሬ፣ በረሃ ላይ እንደሚሮጡት ክፍት መኪናዎች ላደርጋት አስቤያለሁ። ምን ይላሉ?
የቮልስ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሐሳቡ ግሩም ነው። መኪናዋ ግን የአባትህ ናት። የኛም ቤት ቮልስ ነበረች፣ ሰማያዊ። ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ሲነሳ ሰፈሩ ይነቃ ነበር። ዛሬ ባገኛት በመጋዝ አልቀርባትም። አካሉ የፈረሰ፣ ወለሉ ደህና የሆነ ሌላ ቮልስ ፈልግ።

ያየኸውን መኪና የጀመረው ብሩስ ማየርስ የሚባል ካሊፎርኒያዊ ነው፣ ጀልባ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውፖርት ቢች ላይ የፋይበር ግላስ አካል አወጣና ማየርስ ማንክስ ብሎ ጠራው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች የቮልስን ወለል አይጠቀሙም ነበር፣ ዋጋቸው ናረ። ከዚያ አካሉን በ36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ባጠረ የቮልስ ወለል ላይ እንዲቀመጥ አደረገው፣ ሥራው ያኔ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1967 እሱና ጓደኛው ሜክሲኮ ውስጥ ከላ ፓዝ እስከ ቲኋና ያለውን የባሃ በረሃ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጨረሱት። የሞተር ሳይክሎቹን ክብረ ወሰን ነው የሰበሩት። ሌሎች ቀዱበት፣ ከሰሰ፣ ተሸነፈ። ለዚህ ነው ዓለም በማንክስ መሳይ የተሞላው።

ቮልስ ለዚህ ሥራ የተመቸችው አካሏ ከወለሉ ጋር በብሎን ስለተያያዘ ነው። ብሎኖቹን ፈትተህ አካሉን ስታነሳ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ መሪና ፍሬን ወለሉ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። ግን ተጠንቀቅ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ቱቦ ላይ ነው። ወለሉን ሲያሳጥሩ መጋዙ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚያልፈው። ቁጥሩ ከተበላ ሊብሬው ወረቀት ብቻ ይሆናል። ከመቁረጥህ በፊት የተሽከርካሪ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄደህ፣ የምትለውጠውን በሥዕል አሳይተህ በጽሑፍ መልስ ያዝ። ብየዳውን ደግሞ ለሰፈር በር ሠሪ አትስጥ። ያ ወለል መኪናዋን የሚሸከም አጥንት ነው።

ሞተር አታሳድግ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይወርዳል። ካርቡራተሩን ለከፍታው አስተካክል። የቀረውን አካሉ ሲቀል ታገኘዋለህ። የካሊፎርኒያው በርም ጣራም የለውም፣ እዚያ አሸዋና ፀሐይ ነው ያለው። አንተ ሐምሌን አስብ። የሚታጠፍ የሸራ ጣራ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ ጎማው የሚረጨውን ጭቃ የሚይዝ ሰፊ ፓራፋንጎ። ይሄ ውበቱን ትንሽ ይቀንሰዋል፣ ይቀንሰው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ባለቤቴ "በስድስት ወር አልቃለሁ" ብሎ ጋራዡን ከያዘው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ዕቃ ይመጣል፣ ሳጥን ይከማቻል። የኔ መኪና ውጭ ነው የሚያድረው። መቼ ነው የሚያልቀው?
ስሜ ይቆይ፣ ከሌስተር

መልስ፦ እህቴ፣ ጠዋት ሻይ ይዘሽለት ግቢና ወንበሩ የት እንዳለ ጠይቂው። ተገጥሞ ከሆነ፣ መሪው ከነጎማው የሚዞር ከሆነ፣ አንድ ዓመት ስጪው። ወንበሩ ገና ሳጥን ውስጥ ከሆነ ግን በረዶ መጥረጊያ ግዢ። የቡና ትሪሽንም ደብቂ።