አቮካዶው ስር ሳር እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ ትልቅ አቮካዶ አለ፣ ጥላው ደስ ይላል ግን ስሩ ምንም አይበቅልም፣ ሁለት ጊዜ ሳር አስተክዬ ሁለቴም ቢጫ ሆኖ አለቀ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጭቃው ግድግዳው ላይ ይረጫል። ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ መሬት ለመሬት የሚሄድ ትንንሽ ሐምራዊ አበባ ያለው ነገር አይቼ ነበር፣ እሱን ብተክለውስ?

መልስ፦ እህቴ ሳሩን ተይው፣ ሳር ፀሐይ ካላገኘ አይሆንም። ያየሽው ቅጠሉ ልብ የሚመስል ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ከሆነ የኛው የጫካ ቫዮሌት ሳይሆን አይቀርም፣ ሳይንሳዊ ስሙ ቪዮላ አቢሲኒካ ነው። አፍሪካን ቫዮሌት ከሚባለው የሳሎን አበባ ጋር እንዳታምታቺው፣ እሱ ዘመዱም አይደለም።

ከጫካ ግን ነቅለሽ አታምጪ እባክሽ። ያለው ሰው ፈልገሽ ሀረጉን ለምኚ፣ መሬት የነካው አንጓ ሁሉ ስር ያወጣል፣ ስር ያለውን ቁራጭ ሰኔ ላይ 20 ሴንቲሜትር ያህል እያራራቅሽ ትከይ። አትቆፍሪ ደግሞ፣ የአቮካዶ ስር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው ይጎዳብሻል፣ ኮምፖስት አምስት ሴንቲ ያህል አልብሰሽ እዛው ውስጥ ትከይው።

ዋናው ነገር መጥረጊያው ነው! ጫካ ውስጥ ማንም አይጠርግም፣ ቅጠሉ ወድቆ ይበሰብሳል እርጥበት ይይዛል ተክሉም በሱ ነው የሚኖረው፣ እኛ ግን በየጠዋቱ አፈሩ እስኪላጥ እንጠርጋለን። እኔም መጀመሪያ የተከልኩት በሁለት ወር የጠፋው በዚህ ነው፣ ለካ ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ ሀረጉንም ከቅጠሉ ጋር ትጠርገው ነበር፣ ማን ነገራት! አሁን ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሬ ከድንጋዩ ወዲያ መጥረጊያ አይገባም።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ይሄ ተክል ደጋ ነው የሚወደው፣ ሐዋሳ ደግሞ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይሞቅበታል፣ ስለዚህ ከህዳር እስከ የካቲት በሳምንት ሁለት ሶስቴ ማታ ማታ አጠጪው። ከያዘ በኋላ ራሱ ይስፋፋል፣ ፍሬው ሲደርቅ ሶስት ቦታ ተሰንጥቆ ዘሩን ይወረውራል፣ ቁጭ ብለሽ ብታዪው ደስ ይልሻል። ልጆች የሚሮጡበት ጋ ግን አትትከይው፣ መረገጥ አይችልም፣ እዛ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፊበት።