የኢኢጂ ውጤት «ኖርማል» ቢወጣ መድኃኒቱ ይቁም ወይ?

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የ16 ዓመት ልጅዎ በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጠዋት፣ ወድቃ እንደተንቀጠቀጠች፣ የነርቭ ሐኪሙም የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት እንዳስጀመራት ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ የተሠራላት የአንጎል ሞገድ ምርመራ (ኢኢጂ) «ኖርማል» ተብሎ በመምጣቱ ዘመድ አዝማድ «እንግዲያውስ ምንም የለባትም፣ ክኒኑን አስጥያት» እያለ አላስቀምጥ እንዳለዎትም ነግረውናል። ምርመራው ራሱ አንጎሏን ይጎዳ እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ እዚሁ አራት ኪሎ አካባቢ ይህ ምርመራ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ በነርስነት ለዓመታት አገልግያለሁ፤ ተመሳሳይ ጥያቄም ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ በዚህ ወረቀት ምክንያት ክኒኑን አያስቁሟት። ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ከበፊቱ የባሰና የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ደግሞ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል።

የምርመራው ውጤት ኖርማል መሆኑ የሚናገረው፣ ምርመራው በተካሄደበት ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ የበሽታው ምልክት የሆነ ሞገድ አለመታየቱን ብቻ ነው። ኢኢጂ የምንለው መሣሪያ በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሃያ ገደማ ኤሌክትሮዶች አማካይነት፣ የአንጎል ሴሎች በኅብረት ሲሠሩ የሚፈጥሩትን የኤሌክትሪክ ምልክት ይመዘግባል። ይህ ምልክት የራስ ቅልን አልፎ ሲወጣ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ እጅግ ደካማ ነገር ስለሚሆን፣ መነሻው ጠለቅ ካለ ቦታ ከሆነ ወይም የተሳተፉት ሴሎች ጥቂት ከሆኑ፣ ላይ ላዩን የተለጠፈው ኤሌክትሮድ ምንም ላያገኝ ይችላል። በሽተኛው ሳይወድቅ በሚቆይባቸው ቀናት ደግሞ የበሽታው ምልክት የሆኑት ሹል ሞገዶች የሚወጡት አልፎ አልፎ ነው፤ አንዱ ሹል ሞገድ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በሐምሌ ወር ለግማሽ ሰዓት ፀሐይ ስላየን ክረምቱ ወጣ እንደማንለው ሁሉ፣ ከዚህች አጭር ጊዜ ተነሥተን በሽታው የለም ልንል አንችልም። በሽታው እንዳለባቸው ከተረጋገጡ ሰዎች መካከል እንኳ የመጀመሪያው ምርመራ ምልክቱን የሚያሳየው በግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሱት ላይ ነው። ምርመራው ሲደጋገምና በሽተኛው እንቅልፍ ወስዶት ሲመዘገብ ግን የሚታይበት ዕድል በጣም ከፍ ይላል። በአንጻሩ፣ ወድቀው የማያውቁ ጥቂት ጤነኛ ሰዎችም ሹል ሞገድ ስለሚታይባቸው፣ ጥሩ ሐኪም ወረቀቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት አይጀምርም፣ አያቆምምም።

ታዲያ ሐኪሙ በሽታውን በምን አወቀ ካሉ፣ ያወቀው ከታሪኩ ነው። ትኩሳት፣ የስኳር ማነስ ወይም የጭንቅላት ጉዳትን የመሰለ ቀስቃሽ ሳይኖር፣ ከ24 ሰዓት በላይ በሆነ ልዩነት ሁለት ጊዜ መውደቅ፣ የዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ትርጉም መሠረት በሽታው አለ ለማለት ይበቃል። ለዚህም ነው ስትወድቅ በዓይኑ ያየ ሰው ከእርስዎ ጋር ሐኪሙ ፊት ቀርቦ እንዲናገር አጥብቄ የምመክረው፤ በእኔ አስተያየት የዚያ ሰው ቃል ከመሣሪያው ወረቀት ይበልጣል። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተከድኖ? ፊቷ ወደ አንድ ወገን ዞረ? መንቀጥቀጡ ከአንድ እጅ ጀመረ ወይስ መላ ሰውነቷን በአንድ ጊዜ ያዘ? ምላሷን ነከሰች? ከነቃች በኋላ ምን ያህል ጊዜ ግራ ተጋብታ ቆየች? ከቻላችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። በነዚህ መልሶች አማካይነት ሐኪሙ ራስን መሳትንና የልብ ምት መዛባትን ከሚጥል በሽታ ይለያል። የልብ ምርመራ አልተደረገላት ከሆነም ይጠይቁ።

እርስዎ ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን ዕድሜዋንና የወደቀችበትን ሰዓት ሳነብ ያሰብሁት አንድ ነገር አለ። ልጅዎ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ እጇ ወይም ትከሻዋ ድንገት እንደ መንጠቅ ይላታል? ሲኒ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከእጇ ያመልጣታል? አንዲት ተማሪ ወደ ክፍላችን በመጣችበት ቀን እናቷ ስለ መውደቋ ሁሉንም ከተናገረች በኋላ፣ ልትነሣ ስትል «ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሲኒ ትፈጃለች፣ ቀልብ የላትም» ብላ እንደ ዋዛ ጣል አደረገች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ነበር። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ እንዴት እንደሚያመልጣት እንድታሳየው ሲጠይቃት፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን በቅጽበት ወደ ላይ ፈንጠር አደረገችና «እኔ ሳላዝዘው ነው» አለችው። እናቷ ስትቆጣት የኖረችበት ነገር የበሽታዋ ዋና ምልክት ነበረ። ይህ በጉርምስና ዕድሜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ የሚጀምር የበሽታው ዓይነት ነው፤ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ይቀሰቅሱታል። ዓይነቱን መለየት የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው፤ ለሌላው በሽተኛ ጥሩ የሆኑት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ይህን ንጥቂያ ሊያብሱት ይችላሉ። የልጅዎ ሕመም ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለሐኪሙ ግን ሳይነግሩት እንዳይቀሩ።

ምርመራው ይደገም ከተባለ፣ እንቅልፍ ተቀንሶ ጠዋት እንዲሠራላት ይጠይቁ። ሌሊቱን ምን ያህል መተኛት እንዳለባት የሚወስነው ክፍሉ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ብቻዋን ሌሊት ማምሸት አደጋ ስላለው አብሯት የሚያነጋ ሰው ይኑር። ዋዜማውን ፀጉሯ በሳሙና ይታጠብ፤ ቅቤ፣ ቅባትና ጄል አይቀባ፤ ሹሩባ ካላትም ይፈታ፤ ቅባትና ጉንጉን ኤሌክትሮዱ ቆዳዋን በደንብ እንዳይነካ ስለሚያደርጉ የሚመዘገበው ምልክት ይበላሻል። በዓመት በዓል ማግስት ፀጉራቸው በቅቤ ርሶ የመጡ ልጆች ቀጠሯቸው ሲተላለፍ ማየት ያሳዝነኛል። በባዶ ሆድም አትምጣ። መድኃኒቷንም ሐኪሙ ተይው ካላላት በስተቀር በሰዓቱ ትዋጥ።

ክፍሉ ውስጥ ጋደም ትላለች፤ ዓይኗን ክፈቺ፣ ክደኚ ትባላለች፤ ለሦስት ደቂቃ ያህል በጥልቀትና በፍጥነት እንድትተነፍስ ትደረጋለች፤ ከዚያም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ፊቷ ላይ ይበራል። ሁለቱም የተደበቀውን ሞገድ ለመቀስቀስ ነው፤ አልፎ አልፎ ሕመሙ እዚያው ሊነሣ ስለሚችል ባለሙያው አጠገቧ ይቆማል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባት ግን አስቀድመው ይንገሩ፤ ትንፋሹ ይቀርላታል። መሣሪያው የሚያዳምጥ እንጂ ኤሌክትሪክ የሚልክ አይደለም፤ ጨረር የለውም፣ መርፌም የለውም። የሚተርፋት በለብ ያለ ውኃ የሚለቅ ማጣበቂያ ብቻ ነው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የታዘዘላት ቫልፕሮዬት ከሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ጽንሱን የመጉዳት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ ከአካል ጉዳት ጋር ይወለዳል፣ የአእምሮ ዕድገት ችግር የሚያጋጥማቸው ደግሞ ከዚያ ይበዛሉ። ልጅዎ ገና ተማሪ ብትሆንም ሌቬቲራሲታም ወይም ላሞትሪጅን ስለሚባሉት ሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ከሐኪሙ ጋር ከአሁኑ ይነጋገሩ፤ በራስዎ ግን አይቀይሩ። ላሞትሪጅን ከተጀመረ መጠኑ የሚጨመረው ቀስ በቀስ ነው፤ ሽፍታ ከወጣባት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና የሳምንታት ሲቀረው መፈለግ ይጀምሩ፤ አንዱ ከነማ ፋርማሲ ቢያጣው ሌላው ጋ ሊገኝ ይችላል። በጾም ወቅት የምትጾም ከሆነ የመዋጫ ሰዓቷን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ እንጂ አንዱን መጠን አትዝለል። ማኅሌት ቆማ ማደር ግን እንቅልፍ ማጣት ነውና ለጊዜው ይቅርባት ብዬ እለምንዎታለሁ። ጠበል መጠመቅን እኔም አምንበታለሁ፤ ክኒኑን ውጣ ትጠመቅ፤ ክኒኑን ጥላ እንድትጠመቅ የሚነግራትን ግን አይስሙት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከመቶ ሰባ የሚደርሱ በሽተኞች ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ማቆም የሚታሰበውም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳትወድቅ ከቆየች በኋላ፣ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ለክትትሉ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የነርቭ ሐኪሞች አሏቸው።

ትምህርት ቤቷ ይወቅ ወይስ አይወቅ ለሚለው የመጨረሻ ጥያቄዎ፣ ይወቅ እላለሁ፤ ለክፍል ኃላፊዋና ለቅርብ ጓደኛዋ ቢያንስ ይነገር። ስትወድቅ ክብሪት አያሽትቷት፤ ጭሱ አያነቃትም፣ ሊያቃጥላትና ትንፋሿን ሊያውክ ግን ይችላል። አፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይክተቱ፣ እጅና እግሯንም አይያዙ። ከራሷ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ያድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኗ ያስተኟት፣ ሰዓትም ይያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳትነቃ ከደገማት ወይም ከተጎዳች፣ እርስዎ እስኪደርሱ ሳይጠብቁ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ የምትወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን የያዘ ወረቀትም ሁልጊዜ ከደብተር ቦርሳዋ አይጥፋ።