ጥያቄና መልስ፦ የወባ ተሕዋስና ቀይ የደም ሴል

ሳምራዊት፦ ጋሽ ታዬ፣ ፋልሲፓረም በሚባለው የወባ ዓይነት ክፉኛ የታመመ ሰው ስላይድ (ደሙ የተቀባበት መስታወት) ላይ ቀለበት፣ ማለትም ገና ወጣቱ ተሕዋስ፣ ብቻ ነው የሚታየው። ያደጉት የት ይገባሉ?

ጋሽ ታዬ፦ ይሄ ነው ጥያቄ። ተሕዋሱ ቀይ ሴል ውስጥ 48 ሰዓት ገደማ ይቆያል። በመጀመሪያው አጋማሽ ሴሉ ከደሙ ጋር ስለሚዘዋወር ቀለበቱን ታያላችሁ። ከዚያ ተሕዋሱ ፒኤፍኢኤምፒ 1 የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ሴሉ ገጽ ያወጣል። ገጹ ጉብጉብ ይላል፤ ሴሉም በአንጎል፣ በእንግዴ ልጅና በሌሎች ደቃቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ለምን? የተያዘው ሴል ግትር ይሆናል፤ በጣፊያ ካለፈ ተይዞ ይቀራል። ለዚህ ፕሮቲን 60 ገደማ ጂኖች አሉት፤ አንዱን ብቻ ያሠራል፣ ሰውነት ሲነቃበት ሌላ ይቀይራል። ስለዚህ ከጣት ደም የቆጠራችሁት የተሕዋሱን ሙሉ ብዛት አያሳይም። ስላይዱ ላይ ስኪዞንት (ያደገና የተከፋፈለ ተሕዋስ) ከበዛ ደግሞ አደጋ ነው፤ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩ።

በላይ፦ አር.ዲ.ቲ. (ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት) ኔጌቲቭ ከሆነ ወባ የለም ማለት ነው?

ጋሽ ታዬ፦ አይደለም። ኤችአርፒ 2 የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋበት ፋልሲፓረም በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝቷል፤ ያንን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልግ ኪት ያልፈዋል። ምልክት ካለ ብለድ ፊልም (በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ቅብ) ይሠራ። 100 ፊልድ (በማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ ቦታ) ሳታዩ ኔጌቲቭ አትጻፉ።

ሀና፦ የሌላው የወባ ዓይነት፣ የቫይቫክስ፣ ተሕዋስ ቁጥር በደም ውስጥ ለምን ያንሳል?

ጋሽ ታዬ፦ የሚገባው ገና ወጣት ወደሆኑት ቀይ ሴሎች ነው። እነሱ ጤነኛ አዋቂ ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ናቸው። ፋልሲፓረም የሴሉን ዕድሜ አይመርጥም።

ዮናስ፦ ዳፊ ኔጌቲቭ ሰው (ቀይ ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን የሌለው) ቫይቫክስ አይዘውም ተብለን ነው የተማርነው።

ሀና፦ ያ ቀርቷል። በማዳጋስካርም በኢትዮጵያም ዳፊ ኔጌቲቭ ሰዎች ላይ ታይቷል።

ዮናስ፦ ታየ ማለት እኮ እኩል ይይዛቸዋል ማለት አይደለም!

ሀና፦ እኩል አላልኩም፤ «አይዘውም» የሚለው ስህተት ነው።

ጋሽ ታዬ፦ በቃ። ይከላከላል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ወደ ስላይዱ።

ብርሃኑ፦ የኔ ስላይድ አልታይ አለ።

ጋሽ ታዬ፦ «አልታይ አለ» አይበቃም። ወፍራሙ የደም ቅብ ነው ቀጭኑ? ወፍራሙ ከሆነ ሜታኖል (ቅቡን መስታወቱ ላይ የሚያጸናው አልኮል) ነክቶት ይሆናል። ሜታኖል ለቀጭኑ ብቻ! ወፍራሙን ከነካው ቀይ ሴሎቹ አይፈርሱም፣ ተሕዋሱ ተሸፍኖ ይቀራል። በደንብ ይድረቅ፤ 10 በመቶ የጊምሳ ቀለም፣ 10 ደቂቃ፣ ፒኤች 7.2።

ትግስት፦ የትኛው ክኒን ይሻላል?

ጋሽ ታዬ፦ እዚህ መድኃኒት አላዝም። ጤና ጣቢያ ሂጂ።

መክሊት፦ አር.ዲ.ቲ.ው ኔጌቲቭ ነው፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀም። ወባ አይደለም ማለት ነው?

ጋሽ ታዬ፦ ለበላይ የመለስኩትን አንብቢ። ብለድ ፊልም፣ 100 ፊልድ። ኔጌቲቭ ከሆነና ትኩሳቱ ከቀጠለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም።